ከሐዋሳ ተነስቶ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ለማየት

ሐዋሳ ላይ የጥንት ፍርስራሽ የማየት ነገር ሲነሳ ወሬው ወዲያው ጎንደር ግንብ ይገባል። ከከተማው በስተደቡብ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ግን፣ በቡናና በእንሰት ጥላ ውስጥ፣ አፄ ፋሲል ግንባቸውን ከማሠራታቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተተከሉ ድንጋዮች አሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቅርሱ ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ትላልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና የሚበቅልበት የእርሻ ደንና ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው የተከበሩ ጫካዎችም አብረው ተመዝግበዋል። ስለዚህ የምትሄዱት ወደ አጥር ግቢ ሳይሆን ሰው ወደሚኖርበትና ወደሚያርሰው መሬት ነው።

ጉዞው ከባድ አይደለም። የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ጠዋት ከሐዋሳ ተነስቶ፣ ሁሉንም አይቶ፣ ማታ ሐዋሳ ለመተኛት ማሰብ ነው። እንዲህ የሄደ ሰው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ሲደርስ ቢሮ እስኪከፈት ይጠብቃል፣ አስጎብኚ መሪ እስኪገኝ ይጠብቃል፣ ድንጋዩ ጋ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። በዚያ ሰዓት ቅርጹ አይታይም። ትክክለኛው መንገድ የመጀመሪያውን ቀን ለወረቀትና ለመሪ ሰጥቶ፣ ዲላ አድሮ፣ በማግስቱ ማልዶ መውጣት ነው።

ወረቀቱን የምትጨርሱት ዲላ በሚገኘው የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ነው። የመንግሥት ቢሮ በተለምዶ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30 ይሠራል፤ ዓርብ ግን 5:30 ላይ ለምሳ ይወጣና 7:30 ላይ ይመለሳል። ቅዳሜና እሑድ ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ይህን ካላወቀ ዓርብ ቀትር ላይ በር ዘግተውበት ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። መታወቂያ ያዙ። በቡድን ከሆናችሁ ከትምህርት ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ማጻፉ ሥራውን ያቀለዋል። የመግቢያውንና የመሪውን ክፍያ እዚያው ጠይቃችሁ፣ ክፍያው ከሁለቱ ዋና ስፍራዎች (ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ) አንዱን ብቻ ወይስ ሁለቱንም እንደሚያካትት አረጋግጡ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ጥል የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስፍራው ላይ ሁለተኛ ክፍያ ሲጠየቅ ነው፣ ደረሰኝ የያዘ ሰው ደግሞ አይከራከርም።

መንገዱ አስፋልት ነው። ከሐዋሳ መናኸሪያ የዲላ ሚኒባስ ይዛችሁ በሞሮቾ፣ በአፖስቶና በጩኮ በኩል ታልፋላችሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙለት። የምትወጡበት ቀን ዋዜማ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ። ጥሬ ብር ዲላ ላይ አውጡ፣ በተለይ ዝርዝር ብር፤ ከዲላ ከወጣችሁ በኋላ መቶ ብር የሚመነዝር እንኳ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ዋናዎቹ ስፍራዎች ሁለት ናቸው፣ ባሕርያቸውም የተለያየ ነው። ቱቱ ፈላ ከወናጎ በኩል ሽቅብ የሚወጣበት ነው፤ ቱቶ ፈላ የሚለውም አለና ስትጠይቁ ሁለቱንም ሞክሩ። እዚህ ያሉት ሦስት መቶ ገደማ ሲሆኑ ብዙዎቹ የሰው መልክ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ የቆሙትም የመቃብር ድንጋይ ክምር ላይ ነው። ጨልባ ቱቱቲ ደግሞ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። እዚያ ከአንድ ሺህ በላይ ድንጋይ አለ፣ አብዛኛው የወንድ ብልት ቅርጽ ያለው ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ወድቋል። ቁመት ለማየት ቱቱቲ፣ ፊት ለማየት ቱቱ ፈላ ይሻላል። አንድ ብቻ ምረጡ ከተባለ ቱቱ ፈላን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ሁለት ዘመን አንድ ድንጋይ ላይ ይነበባል። ቀድሞ በብልት ቅርጽ ተጠርቦ የነበረው ድንጋይ ኋላ ተነቅሎ፣ ፊትና እጅ ተቀርጾበት ለሌላ መቃብር ምልክት ሆኗል። ይህን ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮጀር ጁሶም በቁፋሮ አሳይቷል። የቱቱ ፈላ መቃብሮች የመካከለኛው ዘመን ናቸው። በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ በተባለ ሌላ ስፍራ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ዕድሜ የሚለካ የካርቦን ምርመራ ግን የመትከል ባህሉን ከክርስቶስ ልደት በኋላ እስካለው አንደኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ መሪው ሁሉንም በአንድ ዘመን ከጠቀለለው ቦታውን ለይቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

አሁን ድንጋዩ እንዴት እንደሚታይ። ቅርጹ ጥልቀት የለውም፣ ድንጋዩም የድንጋይ ሽበት (ላዩ ላይ ተጣብቆ የሚበቅል ልባስ) ለብሷል። ፊት ለፊት ቆሞ ያየ ሰው ግራጫ ምሰሶ ብቻ አይቶ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጭረቱ ጥላ ይይዛል። ደመና ከሆነ፣ ወይም ዛፉ ብርሃኑን ከጋረደ (ይህ የተለመደ ነው) የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከድንጋዩ ጎን ቁሙ፤ ባትሪውን ክንዳችሁ እስከሚደርስበት አርቃችሁ ጨረሩ የድንጋዩን ገጽ እየላሰ እንዲያልፍ አድርጉ። ከጎን ሲበራ ቁልቁል የወረደው መስመር ይጎላል፣ አግድም የተቀረጸው ይጠፋል። ከላይ ወደ ታች ሲበራ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ይበራል። የስልካችሁን ፍላሽ ግን አጥፉት፤ ከፊት ስለሚመጣ ያለውንም ጥላ ይበላዋል።

ምን ፈልጉ? በብልት ቅርጹ ላይ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ድንጋዩን ዙሪያውን የከበበ ጭረት፤ አናቱን ከግንዱ የሚለየው እሱ ነው። በሰው መልኩ ላይ ዓይን፣ የአፍንጫ መስመር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ ደረት የታጠፈ እጅ። የወደቀ ድንጋይ ስታገኙ ግርጌውን ተመልከቱ፤ አፈር ውስጥ የነበረው ጫፍ ብዙ ጊዜ ሳይለዝብ ሻካራ እንደሆነ ስለቀረ፣ ምን ያህሉ ተቀብሮ እንደነበር ከዚያ ትገምታላችሁ። ለመጠን ሜትር ወይም እስክርቢቶ ከድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ድንጋዩ ላይ አታስቀምጡ።

ጭረቱን ለማጉላት ጠመኔ መቀባት፣ ውኃ ማፍሰስ፣ ወረቀት አስደግፎ በከሰል ማሸት ፈጽሞ አይደረግም። ሽበቱንም በጥፍር አትላጡት፤ ሥሩ ድንጋዩ ቆዳ ውስጥ ስለገባ ሲነሳ የላይኛውን ገጽ ይዞ ይነሳል፣ የሚሄደውም ቅርጹ ነው። የወደቀውን ላቁመው የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ድንጋዩ የወደቀበት አቅጣጫና የተነቀለበት ጉድጓድ ለቁፋሮ ባለሙያ መረጃ ነው፣ አንዴ ከተነካካ አይመለስም። ያዘመመውን አትደገፉ፣ ሕፃን ይዛችሁ ከሄዳችሁም ክምሩ ላይ አታስወጡት፤ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ከሥሩም መቃብር አለ።

ወደ ስፍራው የሚወስደው መንገድ በሰው ጓሮ ያልፋል። ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የቀላ ፍሬ መቅጠፍ ወይም በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና መነካካት በሰው ቤት ማዕድ እጅ እንደ መክተት ይቆጠራል። የተከበረ ጫካ ካጋጠማችሁ ያለ ሽማግሌ ፈቃድ አትግቡ፣ ቅርንጫፍም አትስበሩ። ሽማግሌ ካገኛችሁ ቀድማችሁ ተነሱና እጅ ነሱ፤ ፎቶ ከሰላምታ በኋላ በፈቃድ ነው። ሥጦታ መስጠት ከፈለጋችሁ መሪውን አማክሩት። ለሕፃናት ብር አትበትኑ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው እንግዳ መንገድ ላይ ይከበባል።

ከጫማ ውጪ ብዙ ዝግጅት የለም። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ከዘነበ በኋላ በስኒከር የሄደ ሰው ዳገቱን በእጁ ይወጣል። ጥርስ ያለው ጫማ ወይም ቦት፣ ረጅም ሱሪና ረጅም ካልሲ ይሁን፤ የመንገዱ ዳር ሳማ አለው፣ እርጥብ ቦታ ላይ ገብረ ጉንዳን በሱሪ ሊገባ ስለሚችል ካልሲውን ከላይ አድርጉት። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስና ለደጋው ጭጋግ ሹራብ ያዙ። ምሳ ዲላ ተመልሳችሁ ብሉ፣ ወይም ቆሎና ዳቦ ያዙ። ዝናቡ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ይመረጣል።

ሁለቱን ስፍራ በአንድ ቀን ለማየት ከወሰናችሁ ከዲላ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡና ቱቱ ፈላን በጠዋት ብርሃን ጨርሱ። ለዳገቱ ሞተር ወይም ባጃጅ ስትይዙ የደርሶ መልስ ዋጋና የመጠበቂያ ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ፤ አድርሶ የሄደ ባጃጅ ላይመለስ ይችላል። ቱቱቲ ከሰዓት ይሁን፤ ድንጋዩ ትልቅ በመሆኑ በደካማ ብርሃንም ይታያል። ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ዋናው አስፋልት ላይ ሁኑ፤ ሲመሽ ወደ ዲላ የሚመለሰው ሚኒባስ ሞልቶ ስለሚያልፍ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። የሐዋሳውን መንገድም በማታ አትጀምሩት፤ ያን ሌሊትም ዲላ አድራችሁ ጠዋት ተመለሱ።