ኤሲያችሁ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ ካላችሁ

ጎንደር ላይ የመኪና ኤሲ ማን ይከፍታል? ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ መስኮት ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ወደ መተማ የሚያስወርድ ጉዳይ የተገኘ ቀን ነው። አዘዞን አልፋችሁ፣ አይከል ላይ ቡና ጠጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሸሚዛችሁ ከወንበሩ ጋር መጣበቅ ይጀምራል። መስኮት ብትከፍቱ የሚገባው የምድጃ አየር ነው። ስድስት ወር ያልነካችሁትን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ያኔ ነው እንግዲህ እርጥብ ጆንያ፣ ያልታጠበ ካልሲና የተረሳ የወጥ ቤት ጨርቅ አንድ ላይ ሆነው ፊታችሁ ላይ የሚተነፍሱት።

የኔ ቪትዝ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከኋላ አክስቴ ተቀምጣለች። "ልጄ፣ አይጥ ሞቶብሃል" አለችኝ። ሳቅኩ። ስንመለስ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ኮፈኑን በቅጡ እንኳ ሳይከፍት "ጋዝ አልቆ ነው" አለ። ተሞላ፣ ተከፈለ። ኤሲው እውነትም በረዶ ሆነ፤ ሽታው ግን የትም አልሄደም፣ ቀዝቅዞ መጣ እንጂ።

ስለዚህ ከዚህ እንጀምር፦ የሻጋታ ሽታና ጋዝ አይገናኙም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነገር ነው። ቢቀንስ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ አለቀ። የሚሸተው ሌላ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ኢቫፖሬተር የሚባል፣ ትንሽ ራዲያተር የሚመስል፣ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያሉት ዕቃ አለ። ኤሲ ሲከፈት እሱ ይቀዘቅዛል፣ ማራገቢያው ሞቃቱን አየር በላዩ ላይ ይነፋል፣ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው እሱንም ያልበዋል። ውሃው በአንዲት ቱቦ ወርዶ መኪናው ሥር ይንጠባጠባል። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ምሳ ለመብላት ሞተሩን ስታጠፉ ግን ኢቫፖሬተሩ እንደራሰ ይቀራል። ጨለማ፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ላዩ ላይ ደግሞ የበጋ አቧራ። ሻጋታና ባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ቤት የት ያገኛሉ?

አፍንጫችሁን አስቀድሙ

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ሽታው የኤሲ መሆኑን አረጋግጡ። ኤሲውንም ማራገቢያውንም አጥፍታችሁ ምንጣፉን አንሡና አሽትቱ። ከገጠር ቅቤና ወተት የጫነ መኪና ወር ሙሉ ሲሸት እኔ አውቃለሁ፣ እሱን ምንም የኤሲ ማጽጃ አያድነውም። ሽታው ማራገቢያ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በርትቶ ቀስ በቀስ የሚለዝብ ከሆነ፣ የእርጥበት ነው። ቀጥሉ።

ሁለት ሽታዎች ግን ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ናቸው። አንዱ ጣፋጭ፣ ሽሮፕ ሽሮፕ የሚል ነው። ሙቀት ስትከፍቱ መስታወቱ ላይ ቅባት ያለው ጭጋግ ከተከተለው፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ በማሞቂያው ራዲያተር በኩል እያፈሰሰ ነው። ሌላው የቤንዚን፣ የጭስ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መስኮት ክፈቱ፣ ቁሙ፣ መካኒክ ጥሩ። ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፣ ስለዚህ "ሽታው ለቀቀ" ብላችሁ አትሸወዱ።

ፊልተሩ

አብዛኛው መኪና የካቢን ፊልተር አለው፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው እሱ ነው። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅ። ቪትዝን ጨምሮ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ተሳፋሪው ፊት ካለችው የዕቃ ኪስ ጀርባ ነው። ኪሷን ባዶ አድርጉ። በጎን በኩል የያዛት ትንሽ ክንድ ካለ አላቁ። ከዚያ ሁለቱን ጎኖቿን ወደ ውስጥ ጨመቅ ስታደርጓት ወደ ታች ትወርድላችኋለች። ካቻቢቴ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ ጉልበትም አያስፈልግም፤ ፕላስቲኩ አሮጌ ከሆነ ግን ቀስ፣ ይሰበራል። ከኋላ ጠፍጣፋ ክዳን አለ። ክዳኑን አንሡ፣ ፊልተሩን በአግድም ሳቡት። ከመሳባችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት ስትመልሱ ትረሳላችሁ።

የኔን ስስበው መጀመሪያ እጄ ላይ የፈሰሰው ሰሊጥ ነው። እውነቴን ነው። ባለፈው ኅዳር ከሸኸዲ አንድ ጆንያ ጭኜ ነበር፣ ጥጉ ተቀዶ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጥቧል። አይጧ ለቅማ ለቅማ እላይ ወስዳዋለች። ፊልተሩ እጥፋቶች መሃል ሰሊጥ፣ የተኘከ ሶፍት፣ ጭድ፣ ከወንበሬ የተነጨ ስፖንጅ፣ በደንብ የተነጠፈ አልጋ ነው የሠራችው። ሌላው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ረጥቧል። አክስቴን በግማሽ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አይጧ አልሞተችም ነበርና።

አዲስ ፊልተር ግዙ። መለዋወጫ ቤት ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልኩ እንዳይሳሳት። የወረቀቱን ፊልተር ማጠብ አይሆንም። ጎሚስታ ቤት አስነፍቶ መመለስ እስከ ሌላ ሳምንት ያደርስ ይሆናል እንጂ ሻጋታውን አያወጣም። ብዙ አምራቾች በየ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት ቀይሩ ይላሉ፤ ፒስታ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ያ ሩቅ ነው፣ በየስድስት ወሩ ክፈቱና እዩት። ክዳኑን ስታነሡ ውስጡ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁትም አትደንግጡ፣ ቦታው እያለው ፊልተር ያልገባለት መኪና ያጋጥማል። ግዙለት።

ቅጠልና ቱቦ

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ካሉበት ሥር፣ ወንፊት የመሰለ ፕላስቲክ አለ። አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ሥር የምታቆሙ ከሆነ እዚያ ያለው የበሰበሰ ቅጠል ያስደነግጣችኋል። በእጃችሁ ልቀሙት፣ የቀረውን በብሩሽ። ላቫጆ ውስጥ በኃይለኛ ውሃ ወደ ውስጥ አታስረጩበት፣ ቆሻሻውን ወደ ባሰ ቦታ ነው የምትገፉት።

ቀጥሎ ቱቦዋ። ሞቃት ቦታ ላይ ኤሲ ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቁሙና መኪናው ሥር እዩ። ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ጠብ የሚል ነገር ከሌለና ተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ የሚረጥብ ከሆነ ቱቦዋ ተደፍናለች። ጭቃ፣ አንዳንዴም የነፍሳት ጎጆ ነው። ጎንደር ደጋ ላይ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ላይታይ ይችላል፤ ፈተናውን ቆላ ስትወርዱ አድርጉት። ለመክፈት ለስላሳ ሽቦ ወይም ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ከሥር ቀስ አድርጎ ማስገባት ይበቃል። በጎሚስታ ኮምፕሬሰር መንፋትም ይቻላል፣ ግን በትንሹ፣ ያለዚያ ቱቦዋን ከመገጣጠሚያዋ ታስለቅቃላችሁ።

ኢቫፖሬተሩን ማጠብ

ሽታው ከሥሩ የሚነቀለው እዚህ ነው። መለዋወጫ ቤት የኤሲ ማጽጃ ፎም በሉ፤ ቀጭን ረጅም ቱቦ ያለው ጣሳ ነው። ሽቶ ብቻ የሚረጨውን እንዳይሸጡላችሁ። መኪናውን ደጅ፣ ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉ። የፎሙን ቱቦ ከመኪናው ሥር በውሃ መውረጃዋ በኩል ወይም ጣሳው ላይ በተጻፈው ቀዳዳ አስገቡና ንፉ። የማራገቢያው ሞተርና የኤሌክትሪክ ገመዶች ላይ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ። ጣሳው የሚለውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ነው። ከዚያ ከሥር የሚወርደውን እዩት። የኔ የደፈረሰ ሻይ ይመስል ነበር፣ በመሃሉ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ሰሊጥ።

ፎሙ ወርዶ ሲያበቃ ሞተሩን አስነሡ። ኤሲ ጠፍቶ፣ ሙቀት መጨረሻ፣ ማራገቢያ መጨረሻ፣ አራቱም በር ክፍት፣ አሥር ደቂቃ። ለማድረቅ ነው። አዲሱን ፊልተር ከዚህ በኋላ አስገቡ፣ ቀድማችሁ ካስገባችሁት ይረጥባል።

በረኪና የሚል ምክር ከሰማችሁ እለፉት። አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ትነቱ ደግሞ ቀጥታ ሳንባችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ሽቶ ምንም አይጠቅምም፤ እንጆሪ የሸተተ ሻጋታ ነው የሚሰጣችሁ። መኪና ውስጥ እጣን የሚያጨሱም አሉ። ለእጣን ክብር አለኝ፣ ግን ጭሱ ወንበሩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሽታ ይሆናል።

እንዳይመለስ

ነገሩ ሁሉ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። ለመድረስ አምስት ደቂቃ ሲቀራችሁ ኤሲውን አጥፉ፣ ማራገቢያውን ግን ተዉት ይንፋ። መተማ ዮሐንስ የምትገቡ ከሆነ ከተማው ሲታያችሁ አድርጉት። ትንሽ ይሞቃችኋል፣ ቻሉት። መኪና ሥዕል ውስጥ የታጠፈ ቀስት ያለባትን፣ የውጭውን አየር የምትዘጋውን ቁልፍም ከአቧራማ መኪና ጀርባ ስትሆኑ ብቻ ተጠቀሙባት፣ አቧራው ሲያልፍ መልሱ። ሁሌም የውጭውን አየር ዘግታ ከዋለች የራሳችሁን ትንፋሽ እርጥበት ነው ደጋግማችሁ የምታዞሩት።

ደጋ ላይም ቢሆን ኤሲውን በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ አሠሩት። የኤሲው ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር፣ ጋዙን የሚያዞረው ኮምፕሬሰር ማሸጊያ ጎማዎች አይደርቁም። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ሐምሌና ነሐሴ ወደ ደባርቅ ስትወጡ መስታወቱ በጭጋግ ከተሸፈነ ኤሲና ሙቀት አንድ ላይ ክፈቱ። ኤሲው የአየሩን እርጥበት ስለሚያወጣው በጨርቅ ከመወልወል በፍጥነት ይጠራላችኋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ በወሩ ከተመለሰ ኢቫፖሬተሩ ወጥቶ መታጠብ ያስፈልገው ይሆናል። ያ የቤት ሥራ አይደለም። ጋዙ መጀመሪያ በማሽን ተስቦ መውጣት አለበት፣ ብዙ መኪና ላይ ዳሽቦርዱም ይወርዳል፣ ስለዚህ ማሽኑ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። መካኒኩ "ጋዝ ነው" ካላችሁ ደግሞ አሮጌውን ፊልተር ከኮፈኑ ላይ አስቀምጡለትና "ይኼስ?" በሉት።