እንጆሪ ነው ወይስ አስመሳዩ?

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሳሩ መሀል የሚሳበውን ባለሦስት ቅጠል ተክል ከመንቀላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ በስህተት የነቀልኩት የአገሩ እንጆሪ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፍሬው ያምራል፣ ግን አይጣፍጥም

ስትነክሱት ውሃ ውሃ ይላል? አትደንግጡ፣ መርዝ አይደለም። ከእስያ ለጌጥ መጥቶ ከአትክልት ቦታ ያመለጠው ሐሰተኛ እንጆሪ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፖቴንቲላ ኢንዲካ። ፍሬው ቀና ብሎ ይቆማል፣ ዘሮቹም ጉብ ጉብ ብለው ወደ ውጭ ወጥተዋል። የአገሩ የዱር እንጆሪ፣ ፍራጋሪያ ቨርጂኒያና፣ ፍሬው ያዘነብላል፤ ዘሮቹም ትንንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዛሬ የምንበላው ትልቁ እንጆሪ አንዱ ወላጅ ይኸው ተክል ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከቺሊው እንጆሪ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። እንዲህ ያለውን ተክል እንደ አረም መጣል ያሳዝናል።

ፍሬ ከሌለውስ?

አበባውን እዩ። ነጭ ከሆነ አትንኩት። ቢጫ ከሆነ ግን ወዲያው አትፍረዱ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቢጫ የሚያብቡ የአገሩ ተክሎችም አሉና። ቅጠሉ አምስት ቦታ ከተከፈለ ፖቴንቲላ ሲምፕሌክስ ሊሆን ይችላል፣ ተዉት። ሦስት ቦታ ከሆነ አበባውን ገልብጡት። ከሥሩ ጫፋቸው ሦስት ጥርስ ያለው ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች እንደ ኮሌታ ከበውት ካያችሁ ሐሰተኛው እሱ ነው። ጊዩም ፍራጋሪዮይደስ የሚባለው የአገሩ ተክል ይህ ኮሌታ የለውም፣ ከአፈር በላይም ሐረግ አይዘረጋም፣ ፍሬውም ደረቅ ነው።

አበባም ከሌለ የመሀለኛውን ቅጠል ጫፍ በጣታችሁ ያዙና ተመልከቱ። የመጨረሻዋ ጥርስ ከግራና ቀኟ ካሉት ካጠረች የዱር እንጆሪው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ነቅዬው ተመልሶ በቀለ

ሐረጉን ስባችሁ ሥሩን ትታችሁታል ማለት ነው። ሐረጉ አፈር በነካበት አንጓ ሁሉ ሥር ይሰዳል፣ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። ሳር ማጨጃም አይጠቅምም፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ስለሚሄድ ምላጩ አያገኘውም። ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲርስ በእያንዳንዱ ሥር ስር መቆፈሪያ አስገብታችሁ ከነሥሩ አንሱት። ፍሬው ሳይቀላ ድረሱበት፣ አለበለዚያ ወፎች ዘሩን ይበትኑታል። በአንድ ቀን አያልቅም፤ በየጥቂት ሳምንቱ ተመላለሱ።

ሁለቱ ተደባልቀው ከበቀሉ ደግሞ በጸደይ ነጭ አበባ ያወጣውን ሁሉ አጠገቡ እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ በኋላ መንቀል ጀምሩ።