በጀልባ ሞተር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የሞተሪኖ ብሎን አወጣጥ

የሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ማሰሪያ ብሎን ሲሰበር ጭንቅላቱ በእጅ ይቀራል፤ ጥርስ ያለው ጉማጅ ግን በሞተሩ ብሎክ ወይም በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ባለጥርስ ከባድ ጎማ) ሽፋን ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ሞተሪኖው በጀልባ ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ እርጥበት በሚበዛበት ስፍራ ስለሚቀመጥ ዝገቱ ይጠነክራል፤ በሞተሩና በጀልባው ጎን መካከል ያለው ክፍተትም ብዙ ጊዜ ትራፓኖን (መብሻ መሣሪያን) ቀጥ አድርጎ ለመያዝ አይበቃም።

ሞተሩ የቤንዚን ከሆነ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ስር ይተኛል፤ የትራፓኖ ብልጭታም ሊያቀጣጥለው ይችላል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍተው የአየር ማስወጫ ማራገቢያውን ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ያሠሩ፤ የቤንዚን ሽታ ካለም ፍሳሹን ሳያገኙ ወደ ሥራው አይግቡ። ባትሪውን የሚያላቅቁት ከዚህ በኋላ ነው፤ ማራገቢያው የሚሠራው በዚያው ባትሪ ነውና። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ይፍቱ፤ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ ስለሌለው ቁልፍ ቢነካው ከባድ እሳት ያስነሳል። የቀሩትን ብሎኖች ሲፈቱም ሞተሪኖውን ከስር ደግፈው ይያዙ፤ ከሚገመተው በላይ ይከብዳል።

መሣሪያ ከማንሳትዎ በፊት የተሰበረውን ፊት በባትሪ መብራት በደንብ ይመልከቱ። ከፊሉ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ከፊሉ አዲስ ብረት ሆኖ ከታየ፣ ብሎኑ ላልቶ በንዝረት ቀስ በቀስ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጉማጅ ብዙውን ጊዜ አልነከሰም። ሹል ብረት በጠርዙ ላይ አሳርፈው ወደ ግራ እንዲዞር በቀላል መዶሻ መታ መታ ቢያደርጉት ዞሮ ሊወጣ ይችላል። እየፈቱት ሳለ ተጠምዝዞ የተቆረጠው ግን በዝገት ስለነከሰ ነው፤ ለእሱ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ለነከሰው ጉማጅ ዝገት አላቃቂ ዘይት ይርጩ፤ በመዶሻ እያንቀጠቀጡ ቢቻል ሌሊቱን ያሳድሩት። ወጣ ያለ ጫፍ ካለው ሁለት ጎኑን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርገው በተቆላፊ ፒንሳ ይያዙት። ጉማጁ ላይ ዳዶ በይዶ ማውጣት እጅግ የተሳካ ዘዴ ቢሆንም በቤንዚን ጀልባ ውስጥ ግን አይሞከርም።

ጉማጁ ከፊቱ ጋር እኩል ከሆነ መብሳት ግድ ነው፤ ዋናው ጉዳይም መሃሉን ማግኘት ነው። የአሮጌ ሞተሪኖ የፊት ሽፋን ካለ ባዶውን በቦታው አስረው፣ በብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ልክ የሚገጥም የብረት ቱቦ ቢያስገቡ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ወደ ጎን አይሸሽም። በ3 ሚሊ ሜትር ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ፑንታ ካገኙ እሱን ይጠቀሙ፤ አንዳንዴ ፑንታው ራሱ ነክሶ ጉማጁን ይዞት ይወጣል። ጥልቀቱን በፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። በግራ ጥርስ የተሠራውን የጉማጅ ማውጫ በተመለከተ እኔ በኃይል አልጠመዝዘውም፤ በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ በተራ ፑንታ አይበሳም። እምቢ ካለ ብሎኑ ለምሳሌ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ እስከ 8.5 ሚሊ ሜትር አስፍተው የቀረውን ስስ ብረት ከጥርሱ ላይ በሹል ይልቀሙት። ጥርሱ ከተበላሸ የሽቦ ጥርስ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በጥርሱ ምትክ የሚያገለግል የሽቦ ጥቅል) ይገጠምለታል።

አዲሱን ብሎን ከመደርደሪያ ላይ እንዳገኙ አይግዙ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ የብሎኑ አንገት ሆን ተብሎ የተሸረካከተ ሲሆን ሥራው የሞተሪኖውን ጥርስ ከቮላኖው ጥርስ ጋር በትክክል ማገናኘት ነው፤ ተራ ብሎን ቦታውን ያዛባል። የማይዝግ መሆኑም አያታልል፤ በራሱ ላይ ኤ2-70 የተጻፈበት ሳይበጠስ የሚሸከመው ጫና 700 ሜጋ ፓስካል ሲሆን 8.8 የተጻፈበት ግን 800 ነው።

ብሎኑ በንዝረት ከተሰበረ በሞተሪኖው ኋላ ያለውን ደጋፊ ብረት ይፈልጉ። ቀድሞ የጠገነ ሰው ሳይመልሰው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያለ እሱ ክብደቱን ሁሉ የፊት ብሎኖቹ ብቻቸውን ይሸከማሉ። የቮላኖውንም ጥርስ ዙሪያውን ይፈትሹ። ከዚያ በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ፤ ሞተሩ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላም ባትሪውን ዳግም አላቀው ጥብቀቱን ይፈትሹ።