በገጠር መሬት ላይ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ሽያጭን በብድር ስም መጻፍ ነው። ከተማ ዳር ያለ ገበሬ ልጁ ይታመምበታል፤ ብር ይቸግረዋል። ገዢው መጥቶ «መሬት መሸጥ አይቻልም፣ ብድር ብለን እንጻፈው» ይለዋል። ገበሬው የሚቀበለው መቶ ሺህ ብር ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን «ሦስት መቶ ሺህ ተበድሬያለሁ፣ እስክከፍል መሬቴን ይጠቀምበት» የሚል ነው። ቁጥሩ የተጋነነው ሆን ተብሎ ነው፤ ከፍሎ እንዳያስመልስ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል፣ አለቀ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሽያጭ መሆኑ ከተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ነው። ግን በምን ይረጋገጥ? ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ብድር ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ብር ሲቸግራችሁ መሬቱን ለተወሰነ ዓመት አከራዩ። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና ማስያዝም ይፈቅዳል። ከመፈረማችሁ በፊት ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመሬት ኪራይ ኮንትራት ስትዋዋሉ ሽማግሌ ብቻ አይበቃም፤ አስመዝግቡት። መሬት አልባ ወጣቶች በተለይ ይሄን ስሙኝ። ማዳበሪያ አፍስሳችሁ፣ ዘር ገዝታችሁ፣ ባለመሬቱ ሐሳቡን ቢቀይር ያልተመዘገበ ወረቀት አያድናችሁም። ሚስት ሳትስማማ ከባል ብቻ መከራየትም መዘዝ ነው።

በሬ የሌላቸው እናቶች መሬታቸውን የእኩል ይሰጣሉ። ምንም ክፋት የለውም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ግን ለአራሹ አደራ አትስጡ፣ ለአንድ ቀን እንኳ። አንዲት እናት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ለዓመታት ሲያካፍላቸው የኖረው አራሽ «መሬቱ የኔ ነው» ብሏቸዋል። ገልጠን ስናይ ፎቷቸው አለ፤ አዋሳኞቹም በአራቱም አቅጣጫ ተጽፈዋል። ያተረፋቸው ደብተሩ ነው። እጃቸው ላይ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር!

አባት ሲሞት ደብተሩን በሟች ስም አትተዉት። ወንድማማቾች ሳይቀያየሙ፣ ምስክር ሳይጠፋ ውርሱን አዙሩ።

ለካርታ ልኬታ ሲመጣ ደግሞ ማሳችሁ ላይ ተገኙ። እናንተ ከሌላችሁ ወሰን የሚያሳየው ጎረቤት ነው። ልኬታው ሲያልቅ መረጃው ቀበሌ ላይ ለሕዝብ ይለጠፋል። ማንበብ የማትችሉ ተማሪ ልጅ ይዛችሁ ሂዱና ስማችሁን፣ ስፋቱንና አዋሳኙን አስነብቡ። ስህተት ካለ እዚያው ቅሬታ አስገቡ።