ላፕቶፑ ሲነቃ ገበናዎን እንዳያሳይ

ክዳኑን ሲከፍቱ፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ከመምጣቱ በፊት፣ ሲጽፉት የነበረው ደብዳቤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል? እኔ ይህን በቀላሉ አላልፈውም። አጠገብዎ ለቆመ ሰው አንድ ስምና አንድ የገንዘብ መጠን ለማንበብ ያቺ ቅጽበት ትበቃዋለች።

ጣጣው የቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበትን የቁልፍ ገጽ አሳይቶ ሳይጨርስ ከተኛ፣ ሲነቃ የመጨረሻውን ምስል ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና፣ መስኮቶችን በስክሪኑ ላይ በሚያሳየው በቆየው ኤክስ11 ሥርዓት ላይ፣ መቆለፊያው ሌሎቹን መስኮቶች የሚሸፍን ተራ ፕሮግራም በመሆኑ ነገሩ ይብሳል።

መፈተሽ ቀላል ነው። በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ሰነድ ከፍተው ክዳኑን ይዝጉ፤ ጥቂት ቆይተው ሲከፍቱ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹና በዝግታ ይመልከቱት። ዓይን የዘለለውን እዚያ ያገኙታል።

ከዚያ ወዲህ ከመዝጋትዎ በፊት መቆለፍን ይልመዱ፦ በዊንዶውስ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤልን፣ በማክ ኮንትሮል፣ ኮማንድና ኪውን አብረው ይጫኑ። የቁልፍ ገጹን በዓይንዎ ሳያዩ ክዳኑን አይንኩ። በቅንብሮች ውስጥም ኮምፒውተሩ እንደነቃ የይለፍ ቃሉ ወዲያውኑ እንዲጠየቅ ያድርጉ፤ በቁልፍ ገጹ ላይ የሚወጡ ማሳወቂያዎችንም ያጥፉ። ብልጭታው ከቀጠለ ሥርዓተ ክወናውንና የግራፊክስ ሾፌሩን (ምስል የሚያሳየውን ክፍል የሚያሠራውን ፕሮግራም) ያዘምኑ፤ እስኪስተካከል ድረስ ሚስጥራዊ ሰነዶችን ዘግተው ይነሱ።