የሠራዊት ዝርዝርን በኒው ሪክሩት ማዘጋጀት፦ ፋይል ከመምረጥ እስከ ነጥብ ማመሳከር

ዋርሃመር 40,000 የሚጫወቱ ሰዎች የቀቧቸውን ትንንሽ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ከመደርደራቸው በፊት የሠራዊታቸውን ዝርዝር በጽሑፍ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። እያንዳንዱ የጦር ክፍል የነጥብ ዋጋ አለው፤ ስትራይክ ፎርስ በሚባለው የተለመደ የጨዋታ መጠን ደግሞ የአንድ ሠራዊት ድምር ከ2000 ነጥብ መብለጥ አይችልም። ሒሳቡን በወረቀትና በእርሳስ መሥራት ይቻላል፤ ሆኖም የትኛው ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ክልከላ ከድምሩ ይልቅ ስለሚያስቸግር አብዛኛው ተጫዋች ሥራውን ለሶፍትዌር ይሰጣል። ጨዋታውን የሚያሳትመው የኖቲንግሃሙ ጌምስ ወርክሾፕ የራሱ መተግበሪያ አለው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ግን በጨዋታው ወዳጆች የሚጠበቀውንና በማንኛውም የድረ ገጽ ማሰሻ የሚከፈተውን ኒው ሪክሩት የተባለ የዝርዝር ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው።

አጠቃቀሙን ከመጀመር በፊት አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ ፕሮግራሙና መረጃው የተለያዩ ናቸው። ኒው ሪክሩት ይደምራል፣ ይቆጣጠራል፣ ያሳያል እንጂ የክፍሎቹን ዋጋና ገደብ በራሱ አያውቅም። እነዚህን የሚያገኘው ቢኤስዳታ የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ጊትሀብ በተባለው የፋይል ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ከሚያኖሯቸው የኤክስኤምኤል (ኮምፒውተር የሚያነበው የጽሑፍ ዓይነት) ፋይሎች ሲሆን፣ የፋይሎቹ አሠራርም ከኒው ሪክሩት በፊት በስፋት ይታወቅ ለነበረው ባትልስክራይብ ለተባለ የዝርዝር ማዘጋጃ ፕሮግራም የተበጀ ነው። ፋይሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው የጨዋታውን አጠቃላይ ደንብ ይይዛል፣ ሁለተኛው ካታሎግ የሚባለውና ለየሠራዊቱ ለብቻው የሚዘጋጀው ነው። አሳታሚው አዲስ ዋጋ ባወጣ ቁጥር አንድ ሰው ተቀምጦ ቁጥሮቹን ወደ ካታሎጉ ማስገባት አለበት፤ በዋጋው መውጣትና በመግባቱ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ነው ብዙ ዝርዝሮችን የሚያበላሸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አዲስ መሆኑ ዋጋው አዲስ ለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

አዲስ ዝርዝር ሲከፍቱ በመጀመሪያ የሚመርጡት የጨዋታውን ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ስሙን ብቻ አይተው አይለፉ፤ ዘጠነኛውና በ2023 የወጣው አሥረኛው እትም የየራሳቸው ፋይል ያላቸው ሲሆን፣ በአንዱ የተሠራ ዝርዝር ለሌላው አይሆንም። ቀጥሎ ካታሎጉን ይመርጣሉ። ስፔስ ማሪን የተባለውን ሠራዊት ለሚጫወት ሰው ይህ ምርጫ ትንሽ ያደናግራል፤ ለምሳሌ ከሠራዊቱ ቅርንጫፎች አንዱ የሆኑት ብለድ ኤንጅልስ የራሳቸው ካታሎግ ስላላቸው በእርሱ ውስጥ የጋራዎቹም የእነርሱ ብቻ የሆኑትም ክፍሎች ይገኛሉ፤ አጠቃላዩን የመረጠ ሰው ግን የእነርሱን ልዩ ክፍሎች ፈልጎ ሊያጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ የጨዋታውን መጠንና ዲታችመንቱን (ሠራዊቱ የሚመራበትን ልዩ ደንብ የሚወስነውን ምርጫ) ይወስኑ፤ መጠኑ ካልተመረጠ ፕሮግራሙ በየትኛው ገደብ እንደሚቆጣጠር አያውቅም።

ክፍሎችን ሲያስገቡ በእጅዎ ካሉት ሞዴሎች፣ ማለትም ከትንንሾቹ ወታደሮች፣ ይጀምሩ፤ በሐሳብ የተሠራ ሠራዊት ኋላ ገንዘብ ይጠይቃል። ኢንተርሴሰር የተባለውን ክፍል ለምሳሌ እንውሰድ። ክፍሉ ከ5 እስከ 10 ሞዴል ይይዛል፤ በአሥረኛው እትም ግን ዋጋ የሚወጣው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በደረጃ በመሆኑ፣ 6 ሞዴል ያሰለፈ ተጫዋች የሚከፍለው የ10 ሞዴል ዋጋ ነው። ስድስተኛውን ሲጨምሩ ነጥቡ በአንዴ ከፍ ቢል ስህተት አይምሰልዎ። የመሣሪያ ምርጫም እንዲሁ ገደብ አለው፤ በእያንዳንዱ 5 ሞዴል አንድ ብቻ የቦምብ ማስወንጨፊያ ሊይዝ ይችላል። ይህ ምርጫ ነጥብ ስለማይጨምር ብዙዎች ሳይሞሉት ያልፋሉ፤ ተጋጣሚዎ ግን በዝርዝሩ ላይ የሰፈረውንና በሞዴሉ እጅ ያለውን ማነጻጸሩ አይቀርም።

ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ ምክንያቱን አንብበው ያርሙ። ዘወትር የሚያጋጥሙት ጥቂት ናቸው፦ የጦር መሪው አልተሰየመም፤ አንድ ዓይነት ክፍል ከ3 ጊዜ በላይ ገብቷል፤ ኤፒክ ሂሮ የሚባለው ባለስም ጀግና ተደግሟል፤ ኢንሃንስመንት የተባሉት ልዩ ማሻሻያዎች ከ3 በልጠዋል፣ ወይም አንዱ ማሻሻያ ለሁለት መሪዎች ተሰጥቷል። ባትልላይን ተብለው የተመደቡ ክፍሎች እስከ 6 ስለሚፈቀዱ በእነርሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ባይመጣ ትክክል ነው። በሌላ በኩል ማስጠንቀቂያ አለመታየቱ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚያየው በጎ ፈቃደኞቹ የጻፉትን ገደብ ብቻ ነውና። መሪ የትኛውን ክፍል መቀላቀል እንደሚችል በተለይ ከዳታሺቱ (የመሪው ደንብ ከተጻፈበት ገጽ) ላይ ራስዎ ያንብቡ፤ ውሳኔው ጨዋታው ሊጀመር ሲል የሚታወጅ እንጂ በነጥብ ድምር ውስጥ የሚታይ አይደለም። ሌጀንድስ የተባሉት የቀድሞ ክፍሎችም በማሳያ ምርጫው ከተከፈቱ ከሌሎቹ ጋር አብረው ይዘረዘራሉ፤ ብዙ ውድድሮች ግን አይቀበሏቸውም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ማመሳከር ይቀራል፤ ይህን ደረጃ መዝለል በፍጹም አልመክርም። ጌምስ ወርክሾፕ የነጥብ ዋጋዎችን ሙኒቶረም ፊልድ ማኑዋል በተባለ ሰነድ በዋርሃመር ኮሚኒቲ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣል። ሰነዱን ከፍተው የእያንዳንዱን ክፍልና የእያንዳንዱን ማሻሻያ ዋጋ መስመር በመስመር ያስተያዩ። ልዩነት ካገኙ የሚጸናው የአሳታሚው ሰነድ ነው። ስህተቱን ለማሳወቅ በጊትሀብ ወደሚገኘው የቢኤስዳታ ማከማቻ ገብተው አስቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ፤ ካልተመዘገበ የካታሎጉን ስም፣ የክፍሉን ስም፣ ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ቁጥርና ሰነዱ ውስጥ ያለውን ቁጥር ለይተው ይጻፉ። «ነጥቡ ተበላሽቷል» የሚል አንድ መስመር ማንንም አይረዳም፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራን ሰው በቁጣ ማጣደፍም እንደዚሁ።

ለውድድር የሚልኩ ከሆነ ዝርዝሩን በጽሑፍ መልክ ያውጡ፤ ኒው ሪክሩት ከአንድ በላይ የአወጣጥ ቅርጽ ስላለው አዘጋጁ የትኛውን እንደሚፈልግ ቀድመው ይጠይቁ። የነጥብ ለውጥ ከውድድሩ በፊት ሊወጣ ስለሚችል አዘጋጁ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚዳኝም ይወቁ። የላኩትን ጽሑፍ በስልክዎ ላይ በምስል ያስቀምጡ ወይም አትመው ይያዙ፤ የመጫወቻው አዳራሽ ኔትወርክ ከሌለው ገጹ ላይከፈት ይችላል።