ስኳር ላለባችሁና ማታ ማታ እግራችሁን ለሚያቃጥላችሁ

ቀን ደህና ትውሉና ማታ ጋደም ስትሉ እግር ማቃጠል፣ መጠቅጠቅ፣ ውርር ማድረግ ይጀምራል። አንዳንዱን አንሶላ ሲነካው እንኳ ያመዋል። ብዙ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስኳር ካለባችሁ ግን ቶሎ ብርድ አትበሉት። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቭ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም እግር ጣቶች ነው የሚጀምረው።

ከሁሉ በፊት የማይደረገውን ልንገራችሁ፦ እግርን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ። የሚያቃጥለው እግር ብዙ ጊዜ የደነዘዘም ስለሆነ ውሃው እየላጠው ሰውየው «እፎይ» ብሎ ይቀመጣል። መታጠብ ካለባችሁ ለብ ባለ ውሃ፣ እሱንም በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ አስለክታችሁ። ከሰል ምድጃ ዳር እግር መዘርጋትም ያው ነው። ከበረዳችሁ ካልሲ አድርጉ። ሚጥሚጣና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል እንጂ ነርቭ አያድንም። በእርግጥ ቃሪያን ከሚያቃጥለው ንጥረ ነገር የሚሠራ ቅባት አለ፣ ግን መጠኑ ተለክቶ ነው፣ ቁስል ላይም አይቀባም። ቀስ ብሎ በዘይት ማሸት ችግር የለውም።

ዋናው መድኃኒት ያው ስኳሩን ማስተካከል ነው። ጤፍ ጥሩ ነው፣ ግን ጤፍ ነው ተብሎ እንጀራ በእንጀራ ላይ ከተደራረበ ስኳር መጨመሩ አይቀርም፤ እንጀራውን ቀንሳችሁ ጎመኑንና ምስሩን አብዙት። እግራችሁ ላይ ቁስል ከሌለ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን በእግር ሂዱ። አረቄ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ሲጋራም ወደ እግር የሚሄደውን ደም ያሳንሳል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እግራችሁን እዩ። ውስጥ እግር ካልታያችሁ መስታወት ከሥር አድርጉ ወይም ልጅ ጥሩ። በጣቶች መሃል በደንብ አድርቁ፣ ቫዝሊን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ብቻ ቀቡ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉት፣ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሳይሰማችሁ ሊውል ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ስታወልቁ ወፍራም ካልሲ ይኑራችሁ።

አሁን ወደ መርፌው። እግር ባቃጠለ ቁጥር ፋርማሲ ሄዶ «የነርቭ ቫይታሚን» መወጋት ልማድ ሆኗል። ቫይታሚን ቢ12 የሚጠቅመው የጎደለው ሰው ነው። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ በዚያ ላይ ጾም የሚያዘወትር ሰው ሊጎድለው ስለሚችል ሐኪሙን «ይመርመርልኝ» ይበል። ቢ6 ግን ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ አይዋጥም። የቲቢ መድኃኒት የጀመረም እግሩ ከደነዘዘ ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዱ መድኃኒት ቢ6ን ያሳንሳል።

ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ መዋጥም ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ እንቅልፍ ከነሳችሁ ጠይቁ።

በድንገት የሰውነት አንድ ወገን ከዛለ፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። እግር ላይ ቁስል፣ እብጠት ወይም የጠቆረ ቦታ ካያችሁም፣ ባያማችሁ እንኳ፣ በዚያው ቀን ታዩ።